ፋውል በቁጥር ሲመዘን፦ የቅርጫት ኳስ ተጫዋችን ደረጃ የሚያወጡ ስሌቶች ዳሰሳ

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ንፋስ መውጫ አንድ የተማሪዎች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በወጉ ተዳኝቶ ሲያልቅ በእጅ የሚቀረው ማስረጃ አንድ ወረቀት ነው፤ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ የፊባ፣ የውጤት ቅጽ። ቅጹ ስለ አንድ ተጫዋች በዋናነት የሚናገረው ሁለት ነገር ነው፤ ያስቆጠረውን ነጥብና የሠራውን ፋውል። ሪባውንድ አይመዘገብበትም፣ አሲስት አይመዘገብበትም፣ ተጫዋቹ ስንት ደቂቃ ሜዳ ላይ እንደቆየ እንኳ አይታወቅበትም። በትልልቆቹ ሊጎች ሰንጠረዥ ፋውል ከብዙ ዓምዶች መካከል ዐይን የማያርፍበት አንድ ዓምድ ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነሥታ ለዞን ውድድር ደብረ ታቦር የምትወርድ ልጅ ግን በወረቀት ላይ ያላት ታሪክ ግማሹ ፋውል ነው።

የፋውል ነገር የተጫዋችን የቁጥር ደረጃ የሚነካው በአንድ መንገድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሌት አውጪዎች አርመውት ባለፉ ነበር። የተኳሹን ኢላማ ያሳምራል፣ የተከላካዩን ሥራ ያጠለሻል፣ የጨዋታ ደቂቃን ይቆርጣል፣ አንዳንዴም ምንም ያላደረገን ሰው ይሸልማል። የታወቁትን ስሌቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው በፋውል ላይ እርስ በርስ አይስማሙም። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ ፋውል በሰንጠረዡ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ከሰው ፍርድና ከጨዋታው ሁኔታ ጋር በጣም የተጣበቀው ነው፤ በምን ሰዓት፣ በስንተኛው የቡድን ፋውል፣ በማን ትእዛዝ እንደተሠራ ሳይጠይቅ የሚደምርና የሚቀንስ ስሌት የሚመዝነው ሁኔታውን ነው፣ ተጫዋቹን አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ቀላል ክስተት እንውሰድ። አንዲት ተጫዋች ወደ ቅርጫቱ ሰንጥቃ ስትገባ ይመቷታል፣ ኳሱ አይገባም፣ ሁለት የቅጣት ውርወራ ታገኛለች፣ አንዱን ታገባለች፣ አንዱን ትስታለች። ይህን ድርጊት ስሌቶቹ እንዴት ያዩታል?

በጣም የተለመደው የ«ኤፊሸንሲ» ስሌት፣ ማለትም የካንሳስ ሲቲው የስፖርት ጋዜጠኛ ማርቲን ማንሊ ያስተዋወቀው፣ ኤንቢኤም ፊባም የሚጠቀሙበት፣ ነጥብን፣ ሪባውንድን፣ አሲስትን፣ ንጥቂያንና ብሎክን ደምሮ የሳቱትን ኳሶችና የባከኑትን ይቀንሳል። ፋውልን ጨርሶ አያውቅም። ልጅቷ ለገባው አንድ ትጨምራለች፣ ለሳተችው አንድ ትቀንሳለች፤ ድምሩ ዜሮ። የመታቻትም ተከላካይ ዜሮ። እንደ ስሌቱ ከሆነ ሜዳ ላይ ምንም አልተፈጠረም። ጆን ሆሊንገር ለአንድ ጨዋታ መመዘኛ ያወጣው «ጌም ስኮር» ደግሞ ለሳተችው ውርወራ 0.4 ብቻ ስለሚቀንስ 0.6 ይሰጣታል፤ ከተከላካይዋም ለፋውሉ 0.4 ይወስዳል። የስፔኑ ኤሲቢ ሊግ ከ1991 ጀምሮ የሠራበት፣ ዩሮሊግም የወሰደው ስሌት ከሁለቱም ይለያል። እሱ በተጫዋች ላይ የተሠራን ፋውል እንደ ሪባውንድ ሁሉ አንድ ነጥብ አድርጎ ይደምራል፣ የሠሩትን ፋውል አንድ አድርጎ ይቀንሳል። በዚህኛው ልጅቷ አንድ ታተርፋለች፣ ተከላካይዋ አንድ ትከስራለች።

አንድ ድርጊት፣ ሦስት ዋጋ፤ ዜሮ፣ 0.6 እና አንድ። የማንኛው ትክክል ነው ቢባል እኔ ወደ ስፔኑ አደላለሁ፤ ምክንያቱም ፋውል ማስደረግ በራሱ ሥራ መሆኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የስፔኑም ቢሆን ግን ትልቅ ቀዳዳ አለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ ረቀቅ ያለው የሆሊንገር ሌላው ስሌት፣ የሊጉን አማካይ ተጫዋች 15 ላይ የሚያስቀምጠው ፒኢአር ነው። ፋውልን የሚቀጣው በዘፈቀደ አይደለም። በዚያ ዓመት በሊጉ አንድ ፋውል በአማካይ ስንት የገባ የቅጣት ውርወራ እንደሚያስከትል ያሰላል፣ ውርወራዎቹ የተጋጣሚን ጥቃት፣ ማለትም ኳስ ይዞ የማጥቃት ተራውን፣ የሚበሉበትን ድርሻ ያካክሳል፣ የቀረውን በእያንዳንዱ ፋውል ልክ ይቀንሳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ «በአማካይ» የሚለው ላይ ነው። መሐል ሜዳ ላይ፣ በኳርተሩ የመጀመሪያ ደቂቃ፣ የቅጣት ውርወራ የማያስከትል ፋውል እና በመጨረሻው ሰከንድ ባለ ሦስት ነጥብ ተኳሽን መትቶ ሦስት ውርወራ ማሰጠት በዚህ ስሌት እኩል ይቀጣሉ።

አሁን ወደ ኢላማው እንሂድ፤ ፋውል በጸጥታ ትልቁን መዛባት የሚፈጥረው እዚህ ነውና። የምዝገባው ደንብ እንዲህ ይላል፦ ተኳሹ ተመትቶ ኳሱ ከገባ ሙከራውም ግቡም ይቆጠራሉ፤ ተመትቶ ኳሱ ካልገባ ግን ሙከራው እንዳልነበረ ይቆጠራል። ፍትሐዊ ይመስላል፤ የተመታ ሰው ሳተ ተብሎ ለምን ይቀጣል? ውጤቱ ግን አድልዎ ነው፤ ፋውል ከሚደረግባቸው ኳሶች የገቡት ይቀመጣሉ፣ የሳቱት ይሰረዛሉ።

በቁጥር እንየው። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 14 ጊዜ ሞክረው 5 ጊዜ አገቡ እንበል። አንደኛው ከሙከራዎቹ በአራቱ ተመቷል፤ አንዱ ገብቶለታል፣ ሦስቱ አልገቡም፤ ዳኛውም አራቱንም ነፍቷል። ሁለተኛውም እንዲሁ ተመቷል፣ ዳኛው ግን አላየም ወይም ሊነፋ አልፈለገም። የመጀመሪያው በሰንጠረዥ ላይ 11 ሙከራ 5 ግብ ሆኖ 45.5 በመቶ ያገኛል። ሁለተኛው 14 ሙከራ 5 ግብ፣ 35.7 በመቶ። አሥር በመቶ የሚጠጋው ልዩነት የመጣው ከፉጨት ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሰባት የቅጣት ውርወራ አለው፤ አራቱን ቢያገባ ነጥቡ 14 ይሆናል፣ የሁለተኛው 10 ላይ ይቀራል።

ይህን ለማረም የተበጀው «እውነተኛ የአግቢነት መቶኛ» የሚባለው ስሌት ነው። ነጥቡን ወስዶ ለሁለት እጥፍ የሙከራ ድምር ያካፍላል፤ በሙከራው ድምር ውስጥ ደግሞ የቅጣት ውርወራዎችን በ0.44 እያባዛ ይጨምራል። 0.44 ከየት መጣ? ሁለት ውርወራ አንድ ጥቃት ይበላልና ግማሹ፣ 0.5 በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ግብ ከገባ በኋላ የሚጨመረው አንድ ውርወራ እና የቴክኒክ ፋውል ውርወራ የራሳቸው ጥቃት የላቸውም፣ የባለ ሦስቱም ውርወራ አንድ ጥቃት ነው፤ ስለዚህ አማካዩ ዝቅ ይላል። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው ተጫዋች 11 ሲደመር 3.08፣ ማለትም 14.08 ሙከራ ይኖረዋል። የተሰረዙት ሦስት ሙከራዎች በተመለሱበት ቁጥር ላይ ቁጭ አለ። መቶኛውም 49.7 ይሆናል። ይህ ስሌት ካየኋቸው ሁሉ ታማኙ ነው፤ ሁለተኛውን ተጫዋች ግን አያድነውም። ያልተነፋ ፋውልን መልሶ የሚያመጣ ቀመር የለም።

ዲን ኦሊቨር በ2004 ባሳተመው መጽሐፉ ቡድንን አሸናፊ የሚያደርጉትን አራት ነገሮች ሲደረድር ኢላማን 40 በመቶ፣ ኳስ አለማባከንን 25፣ የማጥቃት ሪባውንድን 20፣ የቅጣት ውርወራን ደግሞ 15 በመቶ ክብደት ሰጥቷቸዋል። ፋውል አራተኛና መጨረሻ ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ፋውል በአንደኛው ውስጥም ተሸሽጓል፤ በሁለተኛው ውስጥም አለ፤ የአጥቂ ፋውል ኳስ እንደ ማባከን ይቆጠራልና። 15 በመቶው የሚታየው ክፍል ብቻ ነው።

ስለ አሲስት በአጭሩ። አቀባዩ ጥሩ ኳስ ሰጥቶ ተቀባዩ ሲተኩስ ቢመታና ከውርወራዎቹ አንዱን እንኳ ቢያገባ በፊባ ደንብ ለአቀባዩ አሲስት ይጻፍለታል፤ በኤንቢኤ አይጻፍለትም። ስለዚህ ከ2021 ጀምሮ በፊባ ደንብ የሚካሄደውን የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ አቀባይ ከኤንቢኤው ጋር በአሲስት ቁጥር የሚያወዳድር ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እያወዳደረ ነው።

የፋውል ሁኔታ ቁጥርን ከመንካት አልፎ ሕግን ያስቀየረበት ዘመን ነበር። መጋቢት 21 ቀን 1953 የቦስተኑ ቦብ ኩዚ በሰራኪዩስ ላይ በአራት ጭማሪ ሰዓት በተራዘመ ጨዋታ 50 ነጥብ አስቆጠረ። በሰንጠረዥ ብቻ ላየው ሰው ተአምረኛ ተኳሽ ነው። ከ50ው ግን 30ው የቅጣት ውርወራ ነበር፤ 32 ወርውሮ። ያኔ የሚመራ ቡድን ኳሱን ይዞ ሰዓት ይገድል፣ ተከታዩ ደግሞ ኳስ ለማግኘት እየመታ ያስቆም ነበር። በቀጣዩ ዓመት በሰራኪዩሱ ባለቤት ዳኒ ቢያሶኒ ግፊት የ24 ሰከንድ ሰዓት ገባ፤ በየኳርተሩ የሚፈቀደው የቡድን ፋውልም ተገደበ። የኩዚን ችሎታ ማንም አይጠራጠርም። ያን ቀን የተጻፈለት 50 ግን የዘመኑም ሕግ ነው።

ዊልት ቻምበርሌይን መጋቢት 2 ቀን 1962 በሄርሺ ያስቆጠረው 100 ነጥብም እንዲሁ በፋውል የተሞላ ነው። በቅጣት ውርወራ ደካማ የነበረው ሰው ያን ምሽት ከ32 ውርወራ 28ቱን አገባ። ወደ መጨረሻው ተጋጣሚዎቹ ኒውዮርኮች ኳስ እሱ ጋር እንዳይደርስ ሌሎቹን የቡድን ጓደኞቹን ይመቱ ነበር፤ ጓደኞቹም ኳሱን ቶሎ ለማስመለስ ኒውዮርኮችን ይመቱ ነበር። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ የተጻፉትን ፋውሎች የተጫዋቾቹ የመከላከል ደካማነት ምልክት አድርጎ ማንበብ አይቻልም።

ሆን ብሎ ደካማ ወርዋሪን መምታት በስልት ደረጃ የተነገረለት ከ1997 ወዲህ ነው። የዳላሱ አሰልጣኝ ዶን ኔልሰን በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን የቺካጎውን ዴኒስ ሮድማን እየመታ እንዲወጣ ቡባ ዌልስን አስገባ። ዌልስ በሦስት ደቂቃ ስድስት ፋውል ሠርቶ ወጣ፤ በታሪክ ፈጣኑ ነው። ሮድማን ከ12 ውርወራ 9ኙን ስላገባ ስልቱ ከሸፈ። የዌልስን ቁጥር ግን ልብ በሉ። ሊቃውንቱ ተጫዋቾችን ለማነጻጸር ቁጥራቸውን በ36 ደቂቃ ይመነዝራሉ፤ በዚያ ስሌት ዌልስ 72 ፋውል የሚሠራ ሰው ሆነ። ታዝዞ የፈጸመ ወጣት በቁጥር አውሬ ሆኖ ይታያል።

ስልቱ በሻኪል ኦኒል ስም ገነነ። ኦኒል በኤንቢኤ ዘመኑ ከቅጣት ውርወራ ያገባው 52.7 በመቶ ነው፤ ሁለት ውርወራ ሲሰጠው በአማካይ 1.05 ነጥብ ማለት ነው። የስፔኑ ስሌት ቀዳዳ ያልኩት እዚህ ይታያል። በዚያ ስሌት ኦኒል ኳስ ሳይነካ በተመታ ቁጥር ለተሠራበት ፋውል አንድ፣ ለገቡት 1.05 ተደምሮለት ለሳታቸው 0.95 ሲቀነስበት 1.1 ገደማ ያተርፋል። ተጋጣሚው የመታው ደካማ ጎኑን አይቶ ነው፤ ስሌቱ ደግሞ ለድክመቱ ይሸልመዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የአንድሬ ድረመንድ ምሽት ነው። ጥር 20 ቀን 2016 ሂዩስተኖች የዲትሮይቱን ድረመንድን ደጋግመው ሲመቱት 36 የቅጣት ውርወራ ወርውሮ 13 አገባ፣ 23 ሳተ፤ በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል የሳተ የለም። በኤፊሸንሲ ስሌት ውርወራዎቹ ብቻ 10 ያከስሩታል። በጌም ስኮር 3.8 ያተርፋል። በስፔኑ ስሌት፣ ሁሉም በሁለት በሁለት የተሰጡ ናቸው ብለን ብናሰላ፣ 8 ያተርፋል። ከ10 ኪሳራ እስከ 8 ትርፍ! ዲትሮይትም ያን ጨዋታ አሸንፏል። ሊጉ በዚያው ዓመት ክረምት ደንቡን አጠበቀው፤ ከኳስ ርቆ ያለን ሰው ሆን ብሎ መምታት በየኳርተሩ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች አንድ ውርወራና ኳስ መልሶ ማግኘት እንዲያስከትል አደረገ።

የዚህ ተቃራኒ በእያንዳንዱ ተቀራራቢ ጨዋታ መጨረሻ ይታያል። የሚመራው ቡድን ኳሱን ጥሩ ወርዋሪው እጅ ላይ ያስቀምጣል፣ የተመራው ሰዓት ለማቆም ይመታዋል። ሦስት ጊዜ ቢደጋገም እስከ ስድስት ነጥብ ነው። የተሰጠው ሰው በዓመቱ መጨረሻ አማካዩ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ኳሱን አምጥቶ መሪነቱን የፈጠረው ጓደኛው ግን ባለበት ይቀራል።

ወደ ተከላካዩ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። መከላከል ድሮም በቁጥር የሚከብድ ነው፤ ከሚታየው ጥቂት ነገር አንዱ ፋውል በመሆኑ ሁልጊዜ በኪሳራ ይታያል። ቅርጫቱ ሥር ብቻውን የገባን አጥቂ አስቡ። ቢተውት ሊያገባ የሚችለው ሁለት ነጥብ ነው። ተከላካዩ በደንብ ይዞ ቢመታውና አጥቂው ከሁለት ውርወራ አንዱን የሚስት ዓይነት ቢሆን የሚጠበቀው አንድ ነጥብ ነው። ተከላካዩ ቡድኑን አንድ ነጥብ ገደማ አድኗል፤ ፋውልን የሚቆጥሩት ስሌቶች ሁሉ ግን ይቀንሱበታል። አጥቂ በደረቱ ላይ ወድቆ የአጥቂ ፋውል ያስነፋ ተከላካይም በአሜሪካው የተለመደ ሰንጠረዥ ምንም አይጻፍለትም፤ ኤንቢኤ ይህን ለይቶ ማውጣት የጀመረው በ2016 ነው። ለዚህ የስፔኑ የተሻለ ነው፤ ቢያንስ አንድ ይሰጠዋል፣ አጥቂውንም በፋውሉም በባከነው ኳስም ሁለት ይቀጣዋል።

ደቂቃ ሌላው ጉዳይ ነው። በፊባ 40 ደቂቃ አምስት ፋውል፣ በኤንቢኤ 48 ደቂቃ ስድስት ፋውል፤ ሁለቱም ለስምንት ደቂቃ አንድ ፋውል ፈቅደዋል። በመጀመሪያው ኳርተር ሁለት የሠራን ተጫዋች አሰልጣኙ ያስቀምጠዋል። በ2012 ፊሊፕ ሜይሚንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት የፋውሉ ቁጥር ከኳርተሩ ቁጥር በአንድ ሲበልጥ ቋሚ ተሰላፊን ማስወጣት ያዋጣል የሚለውን የአሰልጣኞች ልማድ ደግፈዋል። ቢያዋጣም ለተጫዋቹ ቁጥር ጉዳት ነው፤ ቤንች ላይ ሪባውንድ አይገኝም። ወደ ሜዳ ሲመለስም እጁን ሰብስቦ ነው የሚከላከለው፤ አራት ፋውል ያለበት ረጅም ልጅ ብሎክ ለማድረግ አይዘልም። የ40 ደቂቃ ምንዛሪ የሚባለው ደግሞ ሌላ ስሕተት ይጨምራል፤ በ15 ደቂቃ 10 ነጥብና 4 ፋውል ያለውን ልጅ «ቢጫወት 27 ነጥብ ገደማ ነበረው» ይላል። በዚያ አካሄድ 27 ላይ ሳይደርስ አምስተኛው ፋውል ያስወጣዋል። ቻምበርሌይን በ1,045 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች አንድ ጊዜም በፋውል አለመውጣቱ በነጥቦቹ ጥላ ሥር የተረሳ ሪከርድ ነው፤ በ1961–62 በአማካይ 48.5 ደቂቃ ሊጫወት የቻለው በዚህም ጭምር ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ የሚያፏጭ ሰው አለ። ጆሴፍ ፕራይስና ጀስቲን ዎልፈርስ በ2010 ባሳተሙት ጥናት የኤንቢኤ ተጫዋቾች ከእነሱ የተለየ ዘር ባላቸው ዳኞች ሲዳኙ ብዙ ፋውል እንደሚነፋባቸው አሳይተዋል። ቶቢያስ ሞስኮዊትዝና ጆን ዎርታይም በ2011 የሜዳ ባለቤት ብልጫ ዋና ምንጩ ዳኛ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ስለ ቲም ዶናጊ፣ በቁማር ተከስሶ በ2008 የ15 ወራት እስራት ስለተፈረደበት ዳኛ፣ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ትርጓሜ ሲቀየርም ቁጥር ይቀየራል፤ ጄምስ ሃርደን በ2018–19 በጨዋታ 36.1 ነጥብ ሲያስቆጥር በአማካይ 11 የቅጣት ውርወራ ይወረውር ነበር፤ በ2021 ሊጉ ተኳሾች ሆን ብለው ወደ ተከላካይ ዘንበል የሚሉበትን እንቅስቃሴ አንነፋም ሲል የዚያ ዓይነት ተጫዋቾች ሁሉ ገበያ ቀዘቀዘ። በካሜራ የታጀበ ሊግ ይህን ያህል ከተወዛወዘ በሁለት ዳኛ የሚመራ የተማሪዎች ጨዋታ ላይ የፋውልን ቁጥር እንደ ወርቅ ሚዛን መቀበል አይገባም።

ይሁን እንጂ ቅጹ ከሚመስለው በላይ ይናገራል፤ ለእኛ ሰፈር አሰልጣኞች ልነግራቸው የምፈልገውም ይህን ነው። በፊባ ደንብ የግል ፋውል በ«ፒ» ፊደል ይጻፋል፤ የቅጣት ውርወራ ካስከተለ የውርወራው ቁጥር ከጎኑ ይደረጋል፤ ፒ1፣ ፒ2፣ ፒ3። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ኳርተር በቀይ፣ ሁለተኛውና አራተኛው በሰማያዊ ወይም በጥቁር እስክሪብቶ ይጻፋሉ፤ በእረፍት ሰዓት ደግሞ በተሞሉትና ባዶ በሆኑት የፋውል ሳጥኖች መካከል ደማቅ መሥመር ይሰመራል። ቀለሙንና መሥመሩን አንድ ላይ ያነበበ ሰው እያንዳንዱ ፋውል በስንተኛው ኳርተር እንደተሠራ ያውቃል። በመጀመሪያው ኳርተር ሁለት ቀይ ፒ ያላት ልጅ አራት ነጥብ ብቻ ቢኖራት ምክንያቱ ቤንቹ ሊሆን እንደሚችል ወረቀቱ ራሱ ይጠቁማል።

በነጥብ መቁጠሪያው ላይ የገባ የቅጣት ውርወራ በደማቅ ነጥብ፣ የሜዳ ግብ በሰያፍ መሥመር ይመዘገባል። የሳተ ውርወራ አይመዘገብም። ግን በተጋጣሚ ፋውሎች ጎን የተጻፉትን የውርወራ ቁጥሮች ሁሉ ብንደምር ለእኛ ቡድን የተሰጡትን ውርወራዎች በሙሉ እናገኛለን፤ ከዚያ ላይ ደማቅ ነጥቦቹን ስንቀንስ የሳቱት ይወጣሉ። ከአሜሪካ የመጣውን 0.44ም በራሳችን መተካት እንችላለን። ለምሳሌ በአንድ ውድድር 12 ፒ2፣ 3 ፒ1 እና 1 ፒ3 ቢገኝ ውርወራው 30፣ ጥቃት የበሉት ፋውሎች 13 ናቸው፤ 13 ለ30 ሲካፈል 0.43። ለዚህ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ እርሳስ ይበቃል።

ቅጹ የሚደብቀው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ተጋጣሚው ቡድን በአንድ ኳርተር አራት ፋውል እስኪሞላ ድረስ ሳትተኩስ የተመታች ተጫዋች ውርወራ አታገኝም። በተጋጣሚ መሥመር ላይ ቁጥር የሌለው ባዶ ፒ ይጻፋል፤ በእሷ መሥመር ላይ ምንም። ኳስ እየነዳች ደጋግማ ሰንጥቃ የምትገባ ቀጭን ልጅ አራቱንም ባዶ ፒ ያስነፋችው እሷ ልትሆን ትችላለች። አምስተኛው ሲነፋ ሁለቱን ውርወራ የምታገኘው ግን ያን ጊዜ የተመታችው ጓደኛዋ ናት። ነጥቡ ለጓደኛዋ ይጻፋል፤ የእሷ ዓምድ ዜሮ ነው። መራጩ በእጁ ያለው ቅጹ ብቻ ከሆነ እሷን ትቶ ጓደኛዋን ይመርጣል። በዚህ ምክንያት ማንም ልጅ ከቡድን መቅረት የለበትም። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ ከጠረጴዛው አጠገብ አንድ ተማሪ በደብተር ይዞ «ማን ተመታ» የሚለውን ብቻ የተመታውን መለያ ቁጥር እየጻፈ ቢመዘግብ የስፔን ሊግ ካለው መረጃ ትልቁን ክፍል ንፋስ መውጫ ታገኛለች። ሁለተኛ ተማሪ ካለ እያንዳንዷ ተጫዋች የገባችበትንና የወጣችበትን ደቂቃ ይጻፍ።

ለተከላካዮችም ከዚሁ ወረቀት ፍትሕ ይወጣል። አንድ ተጋጣሚ ቡድን ከውርወራዎቹ የሚያገባው 45 በመቶ ከሆነ ፒ2 በአማካይ 0.9 ነጥብ ያስከፍላል። ቅርጫት ሥር ብቻውን የደረሰ ልጅ ከአሥር ስድስት ጊዜ ቢያገባ እንኳ 1.2 ነው። በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ፒ2 የበዛበት ተከላካይ ግዴለሽ ተብሎ ከመፈረጁ በፊት ፋውሎቹ ባዶ ፒ ናቸው ወይስ ፒ2፣ በገባ ግብ ላይ ውርወራ ያስጨመሩት ፒ1ዎችስ ስንት ናቸው ተብሎ ይታይ። ፒ1 እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ግቡም ገብቷል፣ ውርወራም ተሰጥቷል። ባዶ ፒ ግን በአራቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ነጥብ አያስከፍልም።

ክፍት ሜዳ ላይ ለሚጫወት ደግሞ የነፋስ ነገር አለ። የቅጣት ውርወራ መሥመር ከሰሌዳው 4.6 ሜትር ይርቃል፤ ቀለበቱ 3.05 ሜትር ላይ ነው፤ ኳሱ በዚያ ርቀት ቀስ ብሎ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ ነፋስ ይይዘዋል። ቡድኖች በሁለተኛው አጋማሽ ቅርጫት ይቀያየራሉ። ደማቅ ነጥቦቹ የገቡበትን አጋማሽ የቀለሞቹ ቅደም ተከተል ይነግረናል፣ የተሰጡትን ውርወራዎች ደግሞ ከመሥመሩ በፊትና በኋላ ያሉት ፒዎች። የሁለቱንም ቡድኖች በየአጋማሹ ለይተን ብናሰላ አንደኛው ቅርጫት ላይ የሁለቱም መቶኛ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ጨዋታው በተደጋገመ ቁጥርም ይኸው ከታየ፣ በዚያ ቅርጫት ለሳተች ልጅ የሚሰጠው መቶኛ ከሌላኛው ተለይቶ መሰላት አለበት። የአንድ ዓመት የትምህርት ቤቶች ውድድር ቅጾች ከቁም ሣጥን ወጥተው ቢደረደሩ ይህን ለማወቅ ይበቃሉ።